ሳይቀምሱ ዶሮ መሥራት፦ የገና የሥራ ማስታወሻ

ህዳር 7፣ እሑድ

የባለቤቴ የአዳር ተራ ታውቋል። ነርስ ናት፤ ያለፈውን ፋሲካ እቤት ስላሳለፈች የዘንድሮው የገና ዋዜማ አዳር የእሷ ነው። ታኅሣሥ 28 ማታ ገብታ በበዓሉ ጠዋት ትወጣለች። ስለዚህ ዶሮ ወጡ የእኔ ሥራ ሆነ። እስካሁን በበዓል ሥራ እጄን ያስገባሁት ዶሮ ማረድና ሽንኩርት መላጥ ላይ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን እማዬ ጋ ደወልኩ።

«ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ ሽንኩርት?»
«እንደ ድስትህ።»
«በርበሬስ?»
«መልኩን አይተህ።»
«ጨው?»
«ጨውማ እጅህ ያውቀዋል።»

የእኔ እጅ አያውቅም። መርካቶ ወርጄ እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን በ1,350 ብር ገዛሁ። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ «በዚህ ብርማ ዶሮ ይመጣ ነበር» አለች።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ይገባል። ከዚያ ወዲህ እስከ ገና ዶሮም ቅቤም አይቀመስም። እውነተኛው ወጥ ደግሞ የሚሠራው ዋዜማውን ነው፣ ጾሙ ሳይፈታ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የገናንም የፋሲካንም ወጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቀምስ ነው የሠራችው። ስንት ዓመት ስበላ ይህ ነገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ እየቀመስኩ የምለማመድበት አንድ ሳምንት አለኝ፤ በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ አለ።

ህዳር 8

ማታ ዩቲዩብ ላይ የዶሮ ወጥ ቪዲዮ ሳይ አመሸሁ። አንዷ ለአንድ ዶሮ 1 ኪሎ ሽንኩርት ትላለች፣ ሌላዋ 4 ኪሎ። መለኪያው ስኒ፣ ጭልፋ፣ «ትንሽዬ» ነው። የሚያናድደኝ ግን «ሽንኩርቱ በደንብ ሲበስልልን» ተብሎ ቪዲዮው የሚቆረጠው ነው። በዚያ በተቆረጠው ቦታ ሁለት ሰዓት እንዳለ የሚነግርህ የለም።

እቤት ያሉትን መለኪያዎች በሚዛን አስቀመጥኳቸው። በእኛ የቡና ስኒ ልክ አፉ ድረስ በርበሬ 38 ግራም ነው። አንድ ጭልፋ የቀለጠ ቅቤ 85 ግራም። በጣቴ የማነሳው አንድ ቁንጥር ጨው አንዴ 1 ግራም፣ አንዴ 2 ግራም መጣ። እጄ እንደማያውቅ በዚህ ተረጋገጠ።

ህዳር 9፣ ማክሰኞ፦ ሙከራ 1

የፈረንጅ ዶሮ፣ ተቆራርጦ የታሸገ፣ 1.2 ኪሎ፣ 780 ብር። ሽንኩርት 1.5 ኪሎ።

ሽንኩርቱን ብሌንደር ውስጥ ከተትኩት። ስህተቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። መከተፍ ቀርቶ ጭማቂ ሆነ፤ ድስቱ ላይ 40 ደቂቃ ሙሉ ውኃውን ሲያፈላ ቆየ እንጂ አልተቁላላም። መልኩ እንደ ልብስ እጣቢ ነበር። ሲቀመስ ደግሞ ይመራል፤ በብሌንደር የተመታ ሽንኩርት መራራ እንደሚሆን በኋላ እማማ ነገሩኝ። (እማማ ፊት ለፊታችን ያለው በር ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ለዒድ የእሳቸው ቁሌት ሽታ ደረጃውን ይሞላዋል።)

ተስፋ ሳልቆርጥ በርበሬና ዘይት ጨመርኩ፣ 20 ደቂቃ አቆየሁት፣ ዶሮውን ከተትኩ። ዶሮው በ25 ደቂቃ ከአጥንቱ ተላቀቀ። ወጥ ሳይሆን ቀይ ሾርባ ውስጥ የተበታተነ ሥጋ ወጣ። ባለቤቴ ሁለት ጉርሻ በላችና «ለጉንፋን ይሆናል» አለች።

ማስተካከያ፦ ሽንኩርት በቢላ። ዶሮው የሐበሻ፣ ረጅም እሳት የሚችል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ብቻውን ቢያንስ 1 ሰዓት ተኩል።

ህዳር 12፦ ቅቤ

ሾላ ገበያ ሄጄ 2 ኪሎ ለጋ ቅቤ በ2,300 ብር ገዛሁ። ሻጯ እጄ ጀርባ ላይ ቀባችልኝና እንዳሸት ነገረችኝ። ንጹሕ ቅቤ ወዲያው ይቀልጣል፣ የተቀየጠው ግን እየተንከባለለ እንደ ሊጥ ይሰበሰባል አለች። ቀለጠልኝ።

ማንጠሪያ፦ ኮረሪማ 20 ግራም፣ አብሽ 10፣ እርድ 5፣ ነጭ ሽንኩርት 60፣ አንድ እፍኝ ኮሰረት፣ ግማሽ እፍኝ በሶብላ። ዝግ ባለ እሳት፣ አረፋው እየተገፈፈ፣ ሥሩ ጥርት ብሎ እስኪታይ። 50 ደቂቃ ወሰደ። ዓርብ ስለሆነ አልቀመስኩም፤ ሽታው ግን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወርዶ ነበር።

ከዚያ ትኩሱን በፕላስቲክ ወንፊት አጠለልኩት። ወንፊቱ ዓይኔ እያየ ተጣመመ። 150 ብር ወደ ቆሻሻ። ሁለተኛውን ዙር በብረት ወንፊት፣ ነጭ ሻሽ አንጥፌበት። ከ2 ኪሎ የወጣው የነጠረ ቅቤ 1,540 ግራም ነው። የጎደለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ውኃ፣ አረፋና ዝቃጭ ነበር ማለት ነው።

ህዳር 14፣ ቅበላ፦ ሙከራ 2

የመጨረሻው መቅመሻ ቀን። የሐበሻ ዶሮ፣ ቀይ፣ 1,400 ብር። ሽንኩርት ተልጦ 2 ኪሎ፣ በእጅ የተከተፈ። ለመክተፍ ብቻ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀብኝ።

ያለ ዘይት ጣድኩት። መጀመሪያ ውኃውን ያወጣል፣ ከዚያ ውኃው ይደርቃል፣ ከዚያ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ይሄኔ ነው መቆም የሚያስፈልገው። ማማሰያውን ለሦስት ደቂቃ ለቅቄ ስልክ ሳነሳ ያዘው። በሞቀ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ፋቅኩት። 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ሲሆን ሽንኩርቱ ሽንኩርትነቱ ጠፋ፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ የሚጣፍጥ ነገር ሆነ። በርበሬ 200 ግራም፣ ቅቤ 250 ግራም፣ ሌላ 1 ሰዓት። ዶሮው ገብቶ 55 ደቂቃ።

መልኩ አማረ። ቅቤው ላዩ ላይ ወጣ። ባለቤቴ ቀመሰችና ውኃ ጠጣች። ጨው!

30 ግራም ነበር የጨመርኩት። እማዬ ጋ ስደውል ሳቀች፦ «በርበሬው እኮ ጨው አለው፤ ሲፈጭ ነው የሚገባው።» ስንት? «ለ10 ኪሎ ዛላ አንድ ኪሎ።» የመጀመሪያው ቁጥር ከእማዬ አፍ ወጣ! ወዲያው መዝገብ ላይ ጻፍኩት።

ህዳር 21፦ የጨው ሒሳብ

ጾም ገብቷል። ዶሮ መቅመስ የለም፣ ግን ቁሌት በዘይት፣ ምስር ወጥ መሥራት ይቻላል። በርበሬው ያው የእማዬ በርበሬ፣ ሽንኩርቱ ያው ሽንኩርት። ስለዚህ ጨውን ለማወቅ ዶሮ አያስፈልገኝም።

የእማዬ በርበሬ 10 ኪሎ ዛላ ተቀንጥሶ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ አዝሙዱ ሁሉ ገብቶበት ወደ 12 ኪሎ ይሆናል። አንዱ ኪሎ ጨው ከሆነ 8.3 በመቶ ማለት ነው። ባለፈው 200 ግራም በርበሬ ውስጥ ብቻ 17 ግራም ያህል ጨው ነበር። እኔ የጨመርኩት 30 ሲደመርበት 47። ድስቱ ውስጥ የነበረው በሙሉ 3 ኪሎ ገደማ ስለነበር ከ1.5 በመቶ ያልፋል። ውኃ ቢያስጠጣ አይገርምም።

ሦስት ትንንሽ ሳህን ምስር ሠርቼ ጨዉን በ0.8፣ በ1 እና በ1.2 በመቶ ለያየሁ። ሁለታችንም በእንጀራ ቀመስን። እኔ 1ን መረጥኩ፣ እሷም 1ን። እንጀራው ራሱ ኮምጠጥ ስለሚል 0.8 ላይ ወጡ ይሸነፋል።

ለገና፦ በግምት 3.4 ኪሎ ወጥ፣ 34 ግራም ጨው። 230 ግራም በርበሬ 19 ግራም ያህል ይዞ ይመጣል። የሚጨመር 15 ግራም። በወረቀት ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት።

ህዳር 26፦ ጠጅ

ማር 1.5 ኪሎ በ1,050 ብር፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ 4.5 ሊትር፣ አንድ እጅ ለሦስት። ጌሾ 120 ግራም፣ እንጨቱ፣ ቅጠሉ አይደለም። 10 ሊትር ጀሪካን። ጀሪካኑን በፈላ ውኃ ደጋግሜ አጠብኩ፤ የዘይት ጀሪካን ከሆነ ሽታው አይለቅም ስለተባልኩ አዲስ ገዛሁ።

ጠጅ ላይ የምወደው የጾም መሆኑ ነው። ይህን እንኳ እየቀመስኩ መሄድ እችላለሁ።

ታኅሣሥ 2

ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼው ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዝንብ እንዳይገባ ይመስለኛል። ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ጀሪካኑ ተነፍቶ ሥሩ ጎብጦ መቆም አቅቶት አንድ ጎኑ ላይ ዘሟል። ክዳኑን ቀስ ብዬ ላላ ሳደርገው ተፈናጥሮ ወጣ፤ አረፋውና ጌሾው ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ጸጉሬ ላይ። ልጄ (5 ዓመቱ ነው) ሮጦ መጥቶ «ድገመው!» አለኝ።

ማር ሲብላላ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ያህል ሄደ። ከዚያ ወዲህ አፉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አስሬ ክዳኑን ከላይ እንዲሁ አስቀምጬበታለሁ። መጋረጃው ላይ ያለው ቢጫ እስካሁን አልለቀቀም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ፦ ድፎ

ዱቄት 2 ኪሎ፣ ውኃ 1.4 ሊትር፣ ደረቅ እርሾ 20 ግራም፣ ጨው 35፣ ጥቁር አዝሙድ 2 ማንኪያ። ሊጡ ለቀቅ ያለ ነው፤ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ እንደዚያ መሆን አለበት። የኮባ ቅጠል ሦስት በ60 ብር፣ አትክልት ተራ።

ቅጠሉን እሳት ላይ አሳልፌ አለዘብኩ (እንዲሁ ቢታጠፍ ይሰነጠቃል)፣ መጥበሻው ላይ አነጠፍኩ፣ ሊጡን ገለበጥኩ፣ በቅጠል ሸፈንኩ፣ ኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ አኖርኩት። በ25ኛው ደቂቃ መብራት ሄደ።

አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። አልመጣም። ወደ ጋዝ ምድጃ አዛወርኩት፤ የጋዙ እሳት መሐሉን ብቻ ነው የሚመታው። ሥሩ ከሰለ፣ ላዩ ነጭ ቀረ፣ ውስጡ ሊጥ። ጠርዙን ቆርጠን በሻይ በላን።

ታኅሣሥ 19፦ ድፎ፣ ሁለተኛ

ዱቄት ወደ 1.2 ኪሎ ወረደ፣ ሌላውም በዚያው ልክ። ውፍረቱ ሦስት ጣት። ምጣዱ ላይ፣ በ35 ደቂቃ ትልቅ ትሪ ከላይ ደፍቼ ገለበጥኩት፣ ሌላ 25 ደቂቃ። ሲመታ ድም ድም ካለ በስሏል። አለ። የኮባው ሥር መስመር ዳቦው ላይ ታትሞ ሲወጣ ለራሴ ደስ አለኝ፤ ግማሹን ለእማማ ወሰድኩላቸው። «ጥቁር አዝሙዱ በዝቷል» ብለው ተቀበሉኝ። አልበዛም።

ጠጁ ደርሷል። ጌሾውን ታኅሣሥ 9 አውጥቼ ነበር። ጣፋጭነቱ ቀንሶ ምረቱ መጥቷል፤ አንድ ብርሌ ቀመስኩ። ጥሩ ነው። ምናልባት ሁለት።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ፦ ዶሮ

ዋዜማው ሲቃረብ ዋጋው ይወጣል፣ ስለዚህ ቀደም ብዬ ልግዛ አልኩ። ገብስማ አውራ ዶሮ፣ ከ2,000 ጠርቶ በ1,700 ለቀቀልኝ። ደረቱን ዳበስኩ፦ አጥንቱ እንደ ቢላ ከወጣ ከሲታ ነው፣ ሥጋ ከሸፈነው ደህና ነው።

ዋጋ ላይ ያተረፍኩት እንቅልፌ ላይ ወጣ። በረንዳ ላይ በካርቶን አኖርኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጮኸ። አራተኛ ፎቅ ላይ የዶሮ ጩኸት ሕንፃውን ሁሉ ያዳርሳል። ጠዋት እማማ ደረጃ ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ሰዓት ገዝታችኋል እንዴ?» አሉኝ። በሁለተኛው ሌሊት ካርቶኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩት፤ 11 ሰዓት ድረስ ቆየ። ዶሮ ላይ አራት ቀን ቀድሞ መሄድ 300 ብር ያድናል፣ ጎረቤት ግን ያስከፋል። በሚቀጥለው ዋዜማውን ጠዋት እገዛለሁ።

ሌላም አንድ ነገር። ገና ዘንድሮ ረቡዕ ይውላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ረቡዕ ከሆነማ ሐሙስ ነው የሚበላው» ብሎ ሆዴን አስጨንቆት ነበር። አይደለም፤ ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉም ይበላል። ዋዜማው ማክሰኞ ግን ገሀድ ነው፣ ይጾማል።

ታኅሣሥ 27

ሽንኩርት 3 ኪሎ በ270 ብር። ተልጦ 2 ኪሎ ከ550 ግራም። ዛሬ መላጥ ብቻ፤ አድሮ የተከተፈ ሽንኩርት ይሸታል። አይብ 1 ኪሎ በ450። እንቁላል 12፣ አንዱ በ20 ብር። እንጀራ 12 ከሰፈር ታዝዟል።

ታኅሣሥ 28፣ ዋዜማ

7 ሰዓት ከሰዓት። የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ማረጃ ሕንፃ የብሎኬት ማከማቻ ሆኗል፤ ሁላችንም ከበስተጀርባው ፍሳሹ አጠገብ ተሰልፈናል። እኔ ሰባተኛ። በስመ አብ ብዬ አረድኩ። እዚህ ላይ ቢያንስ ልምድ አለኝ።

7:30። ውኃው እየፈላ ነከርኩት። ስህተት። ቆዳው በስሎ ላባው ሲነጭ አብሮ ተቦጨቀ። ውኃው ከእሳት ወርዶ ትንፋሽ ያህል ማረፍ አለበት። የቀረውን ፀጉር በጋዙ ነበልባል ለበለብኩ።

8:20። ዶሮውን በየብልቱ መቆራረጥ፣ እማዬ በቪዲዮ። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌዋለሁ። «እዚያ ጋ አይደለም፣ መገጣጠሚያውን ፈልግ፣ ቢላው ራሱ ይገባል።» ታፋ፣ ቅልጥም፣ ክንፍ ያለ ችግር ሄዱ። 12 ብልት መውጣት ነበረበት፣ 13 ወጣ። አንድ መላላጫ ለሁለት ተሰብሯል። እማዬ ቆጥራ ዝም አለች። ፈረሰኛው ግን ደህና ወጥቷል፤ እሱን ለባለቤቴ እሰጣለሁ፣ እማዬ አትስማ።

ከዚያ ሎሚና ጨው፣ ደጋግሞ ማጠብ፣ ውኃው ጥርት እስኪል። ስድስት ጊዜ። መጨረሻውን በንጹሕ ውኃ ብቻ፣ ጨው ሒሳቤን እንዳያበላሽ።

10:15። ሽንኩርቱ ተከትፎ ተጣደ። መብራት አለ፣ ሲሊንደሩም ሙሉ ነው።

12 ሰዓት። ባለቤቴ ዩኒፎርሟን ይዛ ልትወጣ ስትል ድስቱን አየች። ማማሰያውን ተቀብላ ሁለት ጊዜ ዞር ዞር አደረገችውና «ገና ነው» ብላ ሄደች። እውነቷን ነው፤ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሆኖታል፣ ነገር ግን ሽንኩርቱ ከባለፈው ይበዛል። ሌላ 30 ደቂቃ።

12:30። በርበሬ 230 ግራም። ልጄ ሦስት ጊዜ አስነጥሶ ወደ መኝታ ቤት ሸሸ። መስኮት ከፈትኩ። ቅቤው በሦስት ዙር 300 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ጠብ፣ ማማሰል፣ ጠብ፣ ማማሰል።

2 ሰዓት ማታ። ጨው 10 ግራም ገባ። የቀረችውን 5 ግራም በስኒ ለይቼ አስቀመጥኩ፤ ዶሮው ከገባ በኋላ ድስቱን መዝኜ አስተካክላለሁ ብዬ ነው። ግን ድስቱ ብቻውን 1.9 ኪሎ ነው፣ ወጡ 3.4 ገደማ፤ ሚዛኑ የሚችለው 5 ኪሎ። ይህንን አሁን ነው የደመርኩት። ሙከራ 2ን በትንሹ ድስት ነበር የሠራሁት።

ስለዚህ የሰው ምላስ ያስፈልጋል። ልጄ አይጾምም፤ በማንኪያ ጫፍ ሰጠሁት።
«እንዴት ነው?»
«ያቃጥላል።»
«ጨውስ አለው?»
«ያቃጥላል!»

ዶሮው ሳይገባ እማማን ማስቸገር እንደምችል ያኔ ታወሰኝ። የእኛን ሥጋ አይበሉም፣ ይህ ግን እስካሁን ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ነው፤ ድስቱም ለዚህ በዓል የተገዛ አዲስ። ነገሩን አስረድቼ በንጹሕ ስኒ ይዤላቸው ሄድኩ። የራሳቸውን እንጀራ ቆርሰው ቢስሚላህ አሉና አጠቀሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ቁሌቱ ሆኗል። ጨዉ ትንሽ ጠንከር ብሏል፣ ዶሮው ሲገባ ያርፋል። ከዚህ በኋላ እንዳትነካው።»
«5 ግራም ይቀረኛል እማማ፤ አስልቼዋለሁ።»
«አትንካው አልኩህ።»

2:40። ዶሮው ገባ። አውራ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ በዝግታ። ስኒዋን አየኋት፣ ወረቀቱን አየሁት፣ አልጨመርኩም። እማማን ነው የሰማሁት።

4:00። መከለሻ አንድ ማንኪያ፦ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ቅርንፉድ፣ ነጭ አዝሙድ። የተቀቀለው እንቁላል በስንጥር እየተወጋ ገባ፣ ወጡ ውስጡ እንዲገባ። እሳቱ ጠፋ። ቅቤው ላዩ ላይ ወጥቶ ቀይ መስታወት ሠርቷል። ተቀምጬ እያሸተትኩ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፤ ከላሊበላ ቀጥታ ሥርጭት፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ። አንድ ጊዜ ማማሰያውን ለመላስ እጄ ተነስታ በግማሽ መንገድ ትዝ ብሎኝ አጠብኩት።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ባለቤቴ 1:40 ላይ ገባች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ክዳኑን ከፈተች። ወጡ እንዲሞቅ አደረግኩ፣ ዳቦውን በስመ ሥላሴ ቆረስን፣ አይብ፣ ፈረሰኛውን ለእሷ። የመጀመሪያው ጉርሻ ከእሷ ወደ እኔ ነበር፤ ስለዚህ ሁለታችንም አንድ ላይ ነው ያወቅነው። በርበሬው በስሏል። ዶሮው አጥንቱን ይዟል፣ ግን ሲጎተት ይለቃል። ሁለተኛውን ጠቅለል አድርጋ ስትበላ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን የጨው ስኒ አየች፣ ምንም ሳትል በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ሳህኑ ላይ በተነች፣ አሸችና በላች። እንደገና ትንሽ።

«አሁን ሆነ።»

ወጡ ላይም እንደዚያው አድርጌ አስተካከልኩ። ስኒዋ ውስጥ የቀረውን መዘንኩ፦ 3 ግራም። ስለዚህ ትክክለኛው 12 ነው፤ እኔም እማማም አልነበርንም።

ልጄ እንቁላሉን በላ፣ በአይብ አጥቦ። ጠጁ ለሁለት አጎቶችና ለአንድ ጎረቤት በቃ፤ ፈነዳ የተባለው ሊትር ቢኖር ማታም ይተርፍ ነበር።

ታኅሣሥ 30

ሒሳብ። የዶሮ ወጡ ብቻ፣ ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ የድርሻው ቅቤ፣ ቅመም፣ ሎሚ፦ 3,000 ብር ከፍ ይላል። ጠጅ፣ ዳቦ፣ አይብ፣ እንጀራ ሲጨመር 5,100 ገደማ። አዲሱ ድስት ለብቻው ነው፣ ለዓመታት የሚቆይ ስለሆነ እዚህ አልደመርኩትም። በርበሬው ከእማዬ ነው፣ ዋጋ አልተባለም። በልምምድ የጠፋው (ሁለት ዶሮ፣ ያልበሰለ ዳቦ፣ ምስር፣ የተጣመመ ወንፊት፣ ሚዛኑ ራሱ) 4,400 ሆነ። ይህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አላነበብኩም።

ለጥምቀት የሚስተካከል፦ ትልቅ ሚዛን ሳይሆን ትንሽ ድስት። ለመንከሪያው ውኃ ሦስት ደቂቃ ማሳረፍ። በርበሬ ከገባ በኋላ 90 ደቂቃ እንጂ ከዚያ አይነስ። ጨው 12።

ማታ እማዬ ደወለች። እንዴት እንደሆነ ነገርኳት፣ መልኩን በፎቶ ልኬላት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፣
«ሽንኩርቱ ስንት ነበር ያልከኝ?»
«2 ኪሎ ከ550።»
«አነሰ።»

ለጥምቀት 3 ኪሎ፣ የተላጠ።